ትምህርት ዐሥራ አራት፦ «ጠፋች» እና «ሰወርኋት»

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፣
1. የምንባቡን ፍሬ ሐሳብ በራሳችሁ ቃል ታስረዳላችሁ፤
2. አድራጊ፣ ተደራጊና አስደራጊ ግሶችን ለይታችሁ በተገቢው ቦታ ትጠቀማላችሁ፤
3. የአንድን ሥራ አሠራር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።
1. ማንም ሳያዝዛችሁ፣ ዋጋም ሳይከፍላችሁ፣ ደጋግማችሁ የምትለማመዱት ሥራ አለን? ምንድን ነው?
2. ሰውን ማታለል ሁልጊዜ ክፉ ሥራ ነውን? መልሳችሁን በምክንያት አስደግፉ።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ በጥሞና አንብቡ።

የእጅ ጥበብ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ በወሰን የሚኖር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሐሳባችሁ ሣሉ። ይህ ተማሪ እንደ ጓደኞቹ ኳስ ይጫወታል፤ የቤት ሥራውንም ይሠራል። ልቡን የያዘችው ግን አንዲት የአንድ ብር ሳንቲም ናት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በጣቶቹ መካከል ያመላልሳታል። መገናኛ ላይ ታክሲ ለመጠበቅ በተሰለፈ ጊዜ በመዳፉ ውስጥ ይሰውራታል። ማታ ከመተኛቱ በፊት በመስተዋት ፊት ቆሞ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያሳልፋታል። በመጀመሪያው ወር ስንት ጊዜ ከእጁ እንደ ወደቀች ቈጥሮ አይጨርሰውም። በእያንዳንዱ ውድቀት ጎንበስ ብሎ ያነሣታል፤ እንደገናም ይጀምራል።

ከዕለታት አንድ ቀን ቡና በሚፈላበት ሰዓት ጥበቡን ለአያቱ አሳየ። ሳንቲሟን በቀኝ እጁ ያዛት፤ እፍ አለባት፤ እጁን ሲከፍት ባዶ ሆነ። «ጠፋች!» አለ። ወዲያውም ከአያቱ ጆሮ ሥር አወጣት። አያቱ ግን አልሣቁም። አማትበው፣ «በስመ አብ! ልጄ፣ ይህን ነገር ከማን ተማርኸው?» አሉት። ተማሪው ደስ ሊለው ሲገባ ደነገጠ። ያን ያህል ቀን የለፋበት ሥራ የሚወዳቸውን አያቱን እንዳስፈራቸው አየ።

አያቱ የጠረጠሩት አስማት ነው። ይህ ቃል ራሱ ታሪክ አለው። «አስማት» በግዕዝ «ስም» ለሚለው ቃል ብዙ ቍጥር ነው፤ ትርጉሙም «ስሞች» ማለት ነው። ልዩ ልዩ ስሞችን እየጠሩ የሚደገሙና በክታብ የሚጻፉ ጸሎቶች ስለ ነበሩ፣ ከጊዜ በኋላ ቃሉ ስውር ኀይል አለው ለሚባል ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። «ምትሐት» ግን ሌላ ነው። ምትሐት ማለት ሳይኖር ያለ መስሎ የሚታይ ነገር ነው። እንግዲህ የተማሪው ሥራ የሚመደበው ከሁለተኛው ወገን ነው፤ መንፈስ አይጠራም፤ ዐይን ያሳስታል እንጂ። ዛሬ በከተማችን ብዙ ሰው «ማጂክ» የሚለውም ይህንኑ ነው።

ሁለቱን መለየት የሰው ሕይወት እስከ ማዳን የሚደርስ ጕዳይ ሆኖ ያውቃል። በ16ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰዎች፣ ይልቁንም ድኾችና አሮጊቶች ሴቶች፣ ጠንቋዮች ናችሁ እየተባሉ ይከሰሱ፣ በስቅላትም ይቀጡ ነበር። ሬጂናልድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ ይህን ግፍ ተቃውሞ በ1584 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ በኳስ፣ በሳንቲምና በካርታ የሚሠሩ ምትሐቶች እንዴት እንደሚሠሩ ገለጠ። ዓላማው ተአምር የሚመስል ሥራ ሁሉ በሰው እጅ ሊሠራ እንደሚችል አሳይቶ ንጹሓንን ከክስ ማዳን ነበር።

ጥበቡ ግን ከዚያም እጅግ የቀደመ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ በአንድ ደብዳቤው ላይ በጽዋዎችና በጠጠሮች ምትሐት የሚያሳዩ ሰዎችን ጠቅሷል። ሴኔካ እነዚህን ሰዎች ያነሣው በቃላት አጣምመው ከሚከራከሩ ሰዎች ጋር ሲያመሳስላቸው ነው። እጅ ጠጠርን እንደሚሰውር ቃልም እውነትን ሊሰውር እንደሚችል ከሁለት ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት ታውቆ ነበር ማለት ነው። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙት፤ በሰዋስው ትምህርታችን እንመለስበታለን።

ታዲያ ይህ ጥበብ እንዴት ይገኛል? ምናልባት ከእናንተ መካከል በማለዳ ወደ እንጦጦ ተራራ የወጣ ይኖራል። ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በዚያ ተራራ፣ በባሕር ዛፉ መካከል፣ አትሌቶች በብርድ ሲሮጡ ይታያሉ። በውድድር ቀን ሕዝብ የሚያየው ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ነው፤ የእንጦጦን ማለዳዎች ግን አያይም። የምትሐትም ሥራ እንዲሁ ነው። በ1805 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር የተወለደው ዣን ኤዥን ሮቤር ኡዳን የሰዓት ሠሪ ልጅ ነበር፤ እሱም ሰዓት ሠሪ ሆነ። በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደ ተረከው፣ ስለ ሰዓት ሥራ የተጻፉ መጻሕፍት ሊገዛ ሄዶ መጽሐፍ ሻጩ በስሕተት ስለ ምትሐት የተጻፉ መጻሕፍት ሰጠው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በመንገድ ሲሄድ እንኳ እጆቹን በኪሱ ውስጥ አድርጎ ይለማመድ ነበር። አራት ኳሶችን በአየር ላይ እያቀባበለ መጽሐፍ ማንበብን እስኪችል ድረስ ጣረ። በ1845 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የራሱን ቴአትር ሲከፍት የጠንቋይ ካባ አልለበሰም፤ እንደ ማንኛውም የተከበረ ሰው ለብሶ በተመልካች ፊት ቆመ። በእሱ አስተሳሰብ ምትሐተኛ ማለት የአስማተኛን ሚና የሚጫወት ተዋናይ ነው።

እጄ አልታዘዘልኝም ብሎ ተስፋ የሚቈርጥ ሰው ደግሞ የሬኔ ላቫንድን ታሪክ ያስታውስ። ላቫንድ በ1928 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲና ተወለደ። በዘጠኝ ዓመቱ የመኪና አደጋ ደርሶበት ቀኝ እጁን አጣ። የካርታ ምትሐትን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ሁሉ የተጻፉት ሁለት እጅ ላለው ሰው ስለ ነበር፣ ለግራ እጁ የሚስማማ አሠራር ራሱ መፍጠር ነበረበት። ለዓመታት በባንክ እየሠራ ተለማመደ፤ በኋላም በብዙ አገሮች ዝነኛ ሆነ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ፍጥነቱ አይደለም፤ ዝግታው ነው። ካርታዎቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ ያስቀምጥ ነበር፤ ተመልካቹም እያየ አያይም ነበር። ላቫንድ በ2015 እ.ኤ.አ. እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ የእጅ ጥበብ ማለት ችኮላ እንዳልሆነ አስተማረ።

መታለልም የሞኝ ዕጣ ብቻ አይደለም። በዘመኑ ከሁሉ የታወቀው ምትሐተኛ ሃሪ ሁዲኒ ማንኛውንም ምትሐት ሦስት ጊዜ ካየ ምስጢሩን እንደሚያውቅ ይናገር ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ዳይ ቨርነን የተባለ ካናዳዊ አንድ ካርታ አስመረጠውና ምልክት አስጻፈበት። ካርታዋን ከላይኛዋ ቀጥሎ ሲያስገባት ተመልሳ ከላይ ተገኘች። ይህንኑ ደጋግሞ አሳየው፤ ሁዲኒ ግን ምስጢሩን ሊደርስበት አልቻለም።

እስካሁን የተባለውን ያነበበ ሰው አንድ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ሊነሣበትም ይገባል። ምትሐተኛውም ያታልላል፤ አጭበርባሪውም ያታልላል። በገበያ ዳር ሦስት ካርታ ዘርግቶ «የትኛዋ ናት?» እያለ የሚያቁማራውን ሰው ተመልከቱ። ጣቶቹ ከምትሐተኛው ጣቶች አያንሱም። በአጠገቡ ቆሞ ሲያሸንፍ የሚታየው ሰው የራሱ ተባባሪ ነው፤ እሱን አይቶ ገንዘቡን የሚያስይዘው መንገደኛ ግን አያሸንፍም። ታዲያ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ልዩነቱ በእጃቸው ላይ አይደለም፤ በቃላቸው ላይ ነው። ምትሐተኛው «አሁን ዐይናችሁን አሳስታለሁ» ብሎ ይጀምራል፤ ተመልካቹም ወዶና ፈቅዶ ይታለላል። አጭበርባሪው ግን «እውነት ነው» ብሎ ይምላል።

ወደ ወሰኑ ተማሪ እንመለስ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ መንገድ ዳር ለልጆች ሳንቲሟን ከጆሮ ያወጣ ነበር። ከእንጦጦ ጫካ የማገዶ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የወረዱ አንዲት እናት ሸክማቸውን ከግንብ አስጠግተው ቆመው አዩት። ትርኢቱ ባለቀ ጊዜ ቀረብ ብለው ከመቀነታቸው ጫፍ አንድ የዐሥር ብር ኖት ፈቱ። «ልጄ፣ አንዷን ከጆሮ የምታወጣ ከሆነ እስቲ ይህችን ሁለት አድርግልኝ» አሉት። ልጆቹ ሣቁ። ሴትየዋ ግን አልቀለዱም ነበር።

ተማሪው በኪሱ ሌላ ዐሥር ብር ነበረው። አንዱን ሁለት አስመስሎ ማሳየት ለእሱ ቀላል ነው፤ ልጆቹም ያጨበጭቡለታል። ወዲያው ግን የአያቱ ፊት ታወሰው፤ የሴትየዋን ትከሻም አየ፤ ገመዱ የሠራው ምልክት ገና አልጠፋም። ሳንቲሟን በመዳፉ ላይ አድርጎ አሳያቸውና፣ «እማማ፣ ሳንቲሟ አልጠፋችም፤ እኔ ሰወርኋት። ከጆሮም አልወጣችም፤ የወጣችው ከእጄ ነው። ብር ማብዛት አልችልም፤ የሚችልም ሰው የለም» አላቸው።

ሴትየዋ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ብራቸውን መልሰው በመቀነታቸው ቋጠሩ። «እንኳን ነገርኸኝ። ያጠራቀምኋትን አበዛልሻለሁ ያለኝ ሰው ነበረ፤ ነገ ልሰጠው ነበር» አሉ። ሸክማቸውንም ከማንሣታቸው በፊት፣ «በል እንግዲህ ድገመው፤ አሁን ሳልፈራ ልየው» አሉት።

ተማሪው ደገመው። ሴትየዋም ከልጆቹ ይልቅ ሣቁ። ምስጢሩ አልተነገራቸውም፤ እውነቱ ግን ተነግሯቸዋል። በዚያው ምሽት ተማሪው ወደ አያቱ ገብቶ ያንኑ ቃል ነገራቸው።

እንዲህ ያለ ፍቅር በልባችሁ ካለ አትናቁት። በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተመሠረተው ፍካት ሰርከስ የወጣቶች የአካልና የእጅ ቅልጥፍና ምን ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። አባሎቹ በአደባባይ ትርኢት ከማሳየት ሌላ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን እየጎበኙ አሥቀዋል። የምትወዱትን ሥራ በትጋት ተለማመዱ፤ በመጨረሻም ለማን ደስታ እንደምታውሉት አስቡ።

ለ. የመረዳት ጥያቄዎች

ምንባቡን እንደገና አንብባችሁ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. የተማሪው አያት ያልሣቁት ለምንድን ነው?
2. ሬጂናልድ ስኮት የምትሐትን አሠራር በመጽሐፍ የገለጠበት ምክንያት ምን ነበር?
3. የእንጦጦ አትሌቶች በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ምን ለማስረዳት ነው?
4. የሬኔ ላቫንድ ጥበብ ከሌሎች የሚለየው በምንድን ነው?
5. በምንባቡ መሠረት ምትሐተኛና አጭበርባሪ በምን ይለያያሉ? በዚህ አስተያየት ትስማማላችሁን?
6. «ምስጢሩ አልተነገራቸውም፤ እውነቱ ግን ተነግሯቸዋል» ማለት ምን ማለት ነው? በምስጢርና በእውነት መካከል ያለውን ልዩነት አስረዱ።

ሐ. የቃላት ጥናት

የአማርኛ ጽሕፈት ራሱ አንዳንድ ጊዜ እንደ ምትሐተኛ እጅ ይሠራል። ፊደላችን የቃላትን መጥበቅና መላላት አያሳይም። ስለዚህ ዐይን አንድ ቃል ሲያይ ጆሮ ሁለት ቃላት ይሰማል። የሚከተሉትን ተመልከቱ።

ገና — ሲላላ «እስካሁን ያልተፈጸመ»፤ ሲጠብቅ «የልደት በዓል»።
ዋና — ሲላላ «በውኃ ላይ መዋኘት»፤ ሲጠብቅ «ከሁሉ በላይ የሆነ»።
አለ — ሲላላ «ተናገረ»፤ ሲጠብቅ «ይገኛል»።

ባለቅኔዎቻችን ይህን የቋንቋ ጠባይ ለሰምና ወርቅ ተጠቅመውበታል። ሰሙ ለዐይን ይታያል፤ ወርቁ ከሥሩ ይቀመጣል። ሰሚው ወርቁን ፈልጎ ሲያገኘው ይደሰታል እንጂ ተታለልሁ ብሎ አይከስስም፤ በቅኔ ቦታ ወርቅ እንደሚደበቅ አስቀድሞ ያውቃልና። የምትሐተኛውና የተመልካቹ ስምምነትም ይህንኑ ይመስላል።

መልመጃ አንድ። ከላይ ያሉትን ሦስት ቃላት አንድ ጊዜ በላላ፣ አንድ ጊዜ በጠበቀ ንባብ እየተጠቀማችሁ ስድስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። ከዚያም ለጓደኞቻችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው።

መ. ሰዋስው፦ አድራጊ፣ ተደራጊና አስደራጊ ግሶች

በምንባቡ ውስጥ ተማሪው ስለ አንድ ድርጊት በሁለት ልዩ ልዩ ግሶች ተናግሯል። ለአያቱ «ጠፋች» አለ፤ ለእንጨት ተሸካሚዋ እናት «ሰወርኋት» አለ። በእነዚህ ላይ አንድ ጨምረን ሦስቱን እናስተያይ።

1. ሳንቲሟን ሰወርኋት።
2. ሳንቲሟ ተሰወረች።
3. ሳንቲሟ ጠፋች።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ድርጊቱን የፈጸመው ሰው በግሱ ውስጥ በግልጽ ይታያል፤ እኔ ነኝ። ድርጊቱ የተፈጸመባትም ሳንቲም «ን» የሚለውን የተሳቢ ምልክት ይዛለች። እንዲህ ያለው ግስ አድራጊ ግስ ይባላል።

በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ተሳቢ የነበረችው ሳንቲም ባለቤት ሆናለች። «ን» ወድቋል፤ በግሱም መነሻ ላይ «ተ» ተጨምሯል። ይህ ተደራጊ ግስ ነው። አድራጊው ከፈለግን «በ» በሚለው መስተዋድድ «በተማሪው ተሰወረች» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል፤ ካልፈለግን ግን ይቀራል። አድራጊ አለ፤ ነገር ግን ተሸፍኗል።

በሦስተኛው ዐረፍተ ነገር አድራጊ ጭራሹን የለም። «ጠፋ» ተሳቢ የማይፈልግ፣ የማይሻገር ግስ ነው። ሳንቲሟ በራሷ የጠፋች ያስመስላል። እንግዲህ ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ስንወርድ የተማሪው እጅ ደረጃ በደረጃ ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ይሰወራል።

ማስታወሻ። በ«ተ» የሚጀምር ግስ ሁሉ ተደራጊ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። «ልጁ ከቍጥቋጦው ኋላ ተሰወረ» ባልን ጊዜ ልጁ ራሱን መሰወሩ ነው እንጂ ሌላ ሰው ሰወረው ማለታችን አይደለም። ትርጉሙን የሚወስነው የዐረፍተ ነገሩ አገባብ ነው።

አስደራጊ ግስ ደግሞ ባለቤቱ ድርጊቱን በሌላ ሰው እጅ ማስፈጸሙን ያመለክታል፤ ብዙውን ጊዜም በ«አስ» ይጀምራል።

አድራጊ — ተደራጊ — አስደራጊ
ደበቀ — ተደበቀ — አስደበቀ
ከፈተ — ተከፈተ — አስከፈተ
ወሰደ — ተወሰደ — አስወሰደ
ገዛ — ተገዛ — አስገዛ

የማይሻገሩ ግሶች ግን «አ»ን ሲጨምሩ ተሳቢ የሚፈልጉ ይሆናሉ።

ጠፋ — አጠፋ
ደረቀ — አደረቀ
ፈላ — አፈላ
ነደደ — አነደደ

ተደራጊ ግስ መጠቀም በራሱ ጥፋት አይደለም። አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜ፣ ወይም የንግግሩ ዋና ጕዳይ ድርጊቱ የተፈጸመበት ነገር ሲሆን፣ ከአድራጊ ግስ ይልቅ ይስማማል። «አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቈረቈረች» ስንል ጕዳያችን ከተማዪቱ ናት። ነገር ግን አንድ ተማሪ የቤተ መጻሕፍትን መጽሐፍ ቀድዶ ለኀላፊው «መጽሐፉ ተቀደደ» ቢል፣ ወይም የክፍሉን ገንዘብ ያዥ ሆኖ «ገንዘቡ ጠፋ» ብሎ ዝም ቢል፣ ሰዋስዉ ትክክል ሆኖ ሳለ ንግግሩ ምትሐት ሆኗል። ሌላ ሰው የጻፈውን ስታነቡ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ራሳችሁም ስትጽፉ አድራጊውን የተዋችሁት ለአገባብ ነው ወይስ ለመሸሸግ ብላችሁ መርምሩ።

መልመጃ ሁለት። የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ወደ አድራጊ ግስ ለውጡ። አድራጊውን እናንተ ምረጡ።
1. የመማሪያ ክፍሉ መስኮት ተሰበረ።
2. ካርታዋ ከላይኛዋ ቀጥሎ ተቀመጠች።
3. የመንገደኛው ገንዘብ ተወሰደ።
4. በ1845 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አንድ ቴአትር ተከፈተ።

መልመጃ ሦስት። በቅንፍ ውስጥ ካሉት ግሶች የሚስማማውን እየመረጣችሁ አሟሉ።
1. አያቴ ቡናውን (ፈላ፣ አፈሉ፣ ተፈላ)።
2. ምትሐተኛው ሻማውን በእፍታ (ጠፋ፣ አጠፋው)።
3. ሴትየዋ እንጨቱን በፀሐይ (ደረቀ፣ አደረቁት)።
4. መምህሩ በሩን በተማሪው (ከፈተ፣ አስከፈተ)።

ሠ. የድርሰት ትምህርት፦ አሠራርን የሚያስረዳ ድርሰት

አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ድርሰት ከትረካ ይለያል። በትረካ አንባቢው «ቀጥሎ ምን ሆነ?» ይላል፤ በዚህ ግን «ቀጥሎ ምን ላድርግ?» ይላል። ስለዚህ ጸሐፊው ሦስት ነገሮችን መጠበቅ አለበት። አንደኛ፣ የሥራው ደረጃዎች በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል ይቅረቡ። ሁለተኛ፣ «መጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «በዚያው ቅጽበት»፣ «በመጨረሻ» የሚሉት የማያያዣ ቃላት በየቦታቸው ይግቡ። ሦስተኛ፣ አንባቢ ሊሳሳት የሚችልበት ቦታ አስቀድሞ ይነገረው።

የሚከተለው ምሳሌ ጀማሪዎች ሁሉ የሚማሩትን የታወቀ የሳንቲም ስወራ ያስረዳል።

«ይህን ስወራ ከመጀመራችሁ በፊት ሳንቲሟን ከግራ እጃችሁ ወደ ቀኝ እጃችሁ ዐሥር ጊዜ በእውነት አሳልፉ። እውነተኛው አወሳሰድ ምን እንደሚመስል ያላወቀ ሰው አስመስሎ መውሰድ አይችልም። ከዚህ በኋላ መጀመሪያ ሳንቲሟን በግራ እጃችሁ አውራ ጣትና በመካከለኛው ጣት ጫፍ፣ ጠርዟን ያዙ። መዳፋችሁ ወደ ላይ ይሁን፤ ጣቶቻችሁም በመጠኑ ወደ ውስጥ ይታጠፉ። ቀጥሎ ቀኝ እጃችሁን ሳንቲሟን እንደሚወስድ አድርጋችሁ አቅርቡ። የቀኝ እጅ አውራ ጣት ከሳንቲሟ ሥር ይግባ፤ የቀሩት አራት ጣቶች በፊቷ ይለፉ። ጣቶቹ ሳንቲሟን ከተመልካች ዐይን በጋረዱ ጊዜ ግራ እጃችሁ ይልቀቃት፤ በታጠፉት የግራ እጅ ጣቶች ላይ ታርፋለች። በዚያው ቅጽበት ቀኝ እጃችሁን ሳንቲሟን እንደ ጨበጠ አድርጋችሁ ዘግታችሁ አንሡ። ዐይናችሁም ቀኝ እጃችሁን ይከተል፤ ተመልካች የሚያየው እናንተ የምታዩትን ነውና። ግራ እጃችሁ ያለ ችኮላ ወደ ጎን ይውረድ። በመጨረሻ ቀኝ እጃችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ግራ እጁን መልሶ በማየት ነው፤ እጁ የሰወረውን ዐይኑ ይገልጥበታል።»

በምሳሌው ውስጥ የሚከተሉትን አስተውሉ። ድርሰቱ የሚጀምረው በምክንያት ነው። ግሶቹ አብዛኞቹ የትእዛዝ ግሶች ናቸው፤ «ያዙ»፣ «አቅርቡ»፣ «ክፈቱ» ይላሉ። የትኛው እጅ ምን እንደሚሠራ ሳይነገር የታለፈበት ቦታ የለም። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርም ከስሕተት ያስጠነቅቃል።

መልመጃ አራት። በምሳሌው ውስጥ ያሉትን የማያያዣ ቃላት አውጥታችሁ በዝርዝር ጻፉ። ከዚያም ድርሰቱን እነሱን አስቀርታችሁ ለጓደኛችሁ አንብቡለትና ምን እንደ ጎደለ ጠይቁት።

መልመጃ አምስት። ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከ20 እስከ 25 መስመር የሚሆን፣ አሠራርን የሚያስረዳ ድርሰት ጻፉ።
1. ቡና እንዴት እንደሚፈላ
2. የጨርቅ ኳስ እንዴት እንደሚሠራ
3. ማንም ሳያዝዘኝ የምለማመደው ሥራ

ድርሰታችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ለአንድ ጓደኛችሁ ስጡት። ጓደኛችሁ የጻፋችሁትን ብቻ እየተከተለ ሥራውን መፈጸም ከቻለ ድርሰቱ ግቡን መትቷል። ካልቻለ ግን «አልገባውም» አትበሉ፤ «በደንብ አላስረዳሁትም» በሉ።